ጋሽ ረቂቅና የታችኛው ሰፈር ቧንቧ

ትንሽ ከተማ ሌላው ሁሉ ቢጎድለው፣ ብርጭቆ አንስተህ ወደ አፍህ ስታስጠጋ "ቆይ፣ ከየት የተቀዳ ነው?" የሚልህ አንድ ሰው አይጠፋበትም። አስፋልት የሌለው ከተማ አይቻለሁ፤ ፖስታ ቤት የሌለውም አይቻለሁ፤ ከንቲባ የሌለው እንኳ አይቻለሁ፣ ያውም ደኅና ሲተዳደር። ይህ ሰው የሌለበት ከተማ ግን አላየሁም። ጡረታ የወጣ መምህር ሊሆን ይችላል፤ አጎትህም ሊሆን ይችላል። መተዳደሪያው ምንም ይሁን ምን ዋናው ሥራው የሌላውን ሰው ጥማት ማበላሸት ነው።

የእኛ ከተማ ደግሞ ይህን ሰው ቢሮ ሰጥታ፣ ማኅተም ሰጥታ በቋሚነት ቀጥራዋለች። ሙሉ ማዕረጋቸው "የከተማው የውሃ ጥራት አያያዝ ዕቅድ ዝግጅትና ክትትል ከፍተኛ ባለሙያ" ነው። ይህን በአንድ ትንፋሽ ጠርቶ የጨረሰ ሰው እስካሁን ስላልተገኘ ሁላችንም "ጋሽ ረቂቅ" እንላቸዋለን። ፊት ለፊታቸው ግን "ጋሼ" ነው የምንለው።

ስሙን ያወጣላቸው የገዛ አፋቸው ነው። የከተማውን የውሃ ጥራት ዕቅድ መጻፍ ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን "ጋሼ፣ ዕቅዱ ከምን ደረሰ?" ያላቸው ሰው ሁሉ ያገኘው መልስ አንድ ነው፦ "ገና ረቂቅ ነው።" በዚያ ላይ ነጋ ጠባ የሚያወሩት ውሃ ውስጥ ስለሚኖሩት፣ በዓይን ስለማይታዩት ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን ነው። እንግዲህ በሕይወታቸው ውስጥ ሁለት ረቂቅ አለ ማለት ነው፤ አንዱን የሚያነበው የለም፣ ሌላውን የሚያየው የለም።

እኔ የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ሥራዬ ሰዎች ሳያስቡ የተናገሩትን አስበው የተናገሩት አስመስሎ መጻፍ ነው። ቢሮዬን ከሳቸው ቢሮ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከጠርሙስ ጋር ሲነጋገሩ ስሰማ ኖሬአለሁ። ማጋነኔ አይደለም። አንድ ቀን "አንቺ ደግሞ ዛሬ ምን ነካሽ? ትናንት እኮ ደኅና ነበርሽ" ሲሉ ሰምቼ፣ ባለቤታቸው የመጡ መስሎኝ ሰላም ልበል ብዬ ብገባ፣ ያናግሩ የነበሩት ከመናኸሪያው ቧንቧ የተቀዳችውን ናሙና ነው። ሰላም ብያት ወጣሁ።

ጋሽ ረቂቅ ቀጠን ያሉ፣ አንገታቸው ሰገግ ያለ ሰው ናቸው። ኮታቸው ስድስት ኪስ አለው፤ በየኪሱም ባዶ ወይም ሙሉ ጠርሙስ አይጠፋም። ኮሪደሩ ላይ ሲመጡ "ቅጭል፣ ቅጭል" የሚል ድምፅ ይቀድማቸዋል፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ጠረጴዛችን ላይ ያለውን ብርጭቆ መሳቢያ ውስጥ እንከታለን። በትከሻቸው ላይ ፔርሙዝ ይንጠለጠላል። ውስጡ ያለው ቤታቸው ሁለት ጊዜ ያፈሉት ውሃ ነው። የከተማውን ውሃ የሚጠብቁት ሰው ከከተማው ውሃ አንድ ጉንጭ ሲጠጡ ያየ የለም። እኔ አንድ ቀን ደፍሬ ጠይቄያቸው ነበር።

"ሆቴል ወጥ ቤት የሠራ ሰው ሆቴል ሲበላ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

ባለቤታቸው እንደሚሉት ሲተጫጩ የጠየቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ "የጓሯችሁ ጉድጓድ ክዳን አለው?" ክዳን ነበረው፤ ተጋቡ። ሴት ልጃቸውን ሊያገባ የፈለገው ወጣት ቤታቸው በመጣ ቀንም ስለ ትምህርቱም ሆነ ስለ ቤተሰቡ አልጠየቁትም። "ጣራችሁ ላይ ያለው ታንከር መቼ ነው የታጠበው?" አሉት። ወጣቱ ታንከር የሚታጠብ ነገር መሆኑን የሰማው ያን ቀን ነው። በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ ረቂቅ መሰላል ተሸክመው ቤቱ ሄዱ፤ ሁለቱም ገብተው እስኪመሽ ሲፈትጉ ዋሉ። ከታንከሩ ምን እንደወጣ እስከ ዛሬ አይናገሩም። ዛሬ አማች የሆነው ወጣት "እኔና አማቼ የተዋወቅነው ታንከር ውስጥ ነው" ይላል፣ ሲልም አይስቅም።

የግቢያችን ጥበቃ ደግሞ አንድ ቀን ውሃ ጥሙ ቢብስበት መስኮቱ ላይ የተደረደረውን ጠርሙስ አንስቶ ጭልጥ አደረገው። ከቄራው በታች የተቀዳው ቁጥር ሰባት ነበር። እኛ ይቆጡታል ስንል ጋሽ ረቂቅ ፊታቸው በራ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ በየጠዋቱ ደብተራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

"ሆድህ እንዴት አደረ?"

"ደኅና ነው ጋሼ።"

"ቁርጠት? ጉርጉርታ?"

"ኧረ ምንም የለም።"

በሦስተኛው ቀን ቅር እያላቸው ደብተሩን አጠፉና "የአንተ ሆድ ለጥናት አይሆንም" አሉት። ጥበቃው ይህን ስድብ አድርጎ ነው የያዘው።

ለሳቸው የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከላይ ያለና ከታች ያለ። የማን ሽንት ቤት ከማን ጉድጓድ በላይ እንደሆነ ከተማውን በሙሉ በቃላቸው ያውቁታል። አንዱን ነጋዴ መንገድ ላይ አስቁመው "የአንተ ሽንት ቤት እኮ ከአማትህ ጉድጓድ ሃያ ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው" ቢሉት፣ ሰውየው ሌላ ምንም ሳይጠይቅ አመስግኗቸው ሄደ። እሳቸውም ምክራቸው የገባው መስሏቸው ደስ ብሏቸው ዋሉ።

ወደ ዕቅዱ ልመለስ። ዕቅዱ አራት ከንቲባ አሳልፏል። የመጀመሪያው "ረዝሟል" አሉ፤ አሳጠሩት። ሁለተኛው "አጥሯል" አሉ፤ አስረዘሙት። ሦስተኛው "ፎቶ ይግባበት" አሉ፤ ገባ፤ የገባው የከንቲባው ፎቶ ነበር። አራተኛው፣ የአሁኑ ማለቴ ነው፣ ሽፋኑን ከፊትም ከኋላም አይተው ሲያበቁ "ሽፋኑ ለምን ሰማያዊ ሆነ?" ብለው ጠየቁ። በዚህ ላይ የምክር ቤታችን ደንብ አለ። ረቂቅ የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ለአስተያየት ይመለሳል ይላል፤ አባላቱም ከደንቡ ሁሉ ጠንቅቀው የሚያውቁት ይህን አንቀጽ ነው፤ ቶሎ ወደ ቤት ያስገባላ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፤ ስለ ውሃ ቢወቅጡም ያው ነው።

ግን ጥፋቱን ሁሉ በሹሞች ላይ ብደፈድፈው ውሸታም እሆናለሁ። ሰውየው ራሳቸው ማቆም አይችሉም። "ረቂቅ" ነበረ፤ ቀጥሎ "የታረመ ረቂቅ" መጣ፤ "የመጨረሻ ረቂቅ" መጣ፤ ከመጨረሻው ረቂቅ በኋላ የመጡትን እኔ መቁጠር አቁሜአለሁ። አንድ ነጠላ ሰረዝ ለማንሳት አንድ ሳምንት፣ መልሰው ለማስቀመጥ ሌላ ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ለምን ሲባሉ ጣታቸውን ቀጥ አድርገው "አንዴ ከጸደቀ፣ ስህተቱም አብሮ ይጸድቃል" ይላሉ።

እስከዚህ ድረስ እየሳቅሁ ነው የጻፍኩት። የሚቀጥለውን እየሳቅሁ ልጽፈው አልችልም።

እህቴ ታችኛው ሰፈር ነው የምትኖረው፤ ልብስ ሰፊ ናት። ስድስት ዓመት የሆናት አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። ለሰፈሩ ውሃ የሚያደርሰው ቧንቧ ከላቫጆው፣ ከመኪና ማጠቢያው ግቢ ማለቴ ነው፣ የሚወጣው ፍሳሽ በሚሄድበት ቦይ ውስጥ ያልፋል። ቧንቧው ያረጀ ነው፤ በየመጋጠሚያው ላልቷል። ውሃ በጠፋ ቁጥር ባዶው ቧንቧ ቦዩ ውስጥ ያለውን ይስባል፤ ውሃው ሲመለስ የሳበውን ይዞ በየቤቱ ይገባል። በጋው እንደምንም ይታለፋል። ክረምት ሲገባ ቦዩ ይሞላል፣ ሰፈሩም ይታመማል። ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ጤና ጣቢያ አራት ቀን ግሉኮስ ተደርጎላት ተኝታለች። ነርሷ ክንዷ ላይ ሥር ጠፍቷት መርፌውን ደጋግማ ስትወጋት ልጅቷ አላለቀሰችም። ጎበዝ ስለሆነች አይደለም፤ ለእንባ የሚሆን ውሃ በሰውነቷ ውስጥ አልቀረም ነበር።

የላቫጆው ባለቤት ማን መሰሏችሁ? የምክር ቤቱ የጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። እሳቸው ዘንድ ለሁሉም መልስ አለ። "ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ምን ይታያችኋል? የታችኛው ሰፈር ሰው እጁን ስለማይታጠብ ነው" ይላሉ። ከላይ ሆኖ ከታች ያለውን "ውሃ አደፈረስክብኝ" ማለት የቆየ ጥበብ ነው። አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ ከማለት በቀር ምን ይባላል?

መፍትሔው የተጻፈው ዕቅዱ ገጽ አርባ አንድ ላይ ነው፦ ክረምት ከመግባቱ በፊት ቧንቧው ከቦዩ ይውጣ፣ በሌላ መስመር ይዘርጋ። አዲሱ ቧንቧ እንኳ ከተገዛ ሁለት ዓመት ሆኖት ከቢሯችን ጀርባ ሸራ ለብሶ ተከምሯል፤ ድመት ወልዳበታለች። የጎደለው የዕቅዱ መጽደቅ ብቻ ነበር።

ጋሽ ረቂቅ በየሳምንቱ ቅዳሜ እህቴ ቤት ይሄዳሉ። ከጓሮው ቧንቧ ጠርሙስ ውስጥ ይቀዱና አንዲት ትንሽ ኪኒን ጣል ያደርጉበታል። ክሎሪኑ፣ ተሕዋስያኑን የሚገድለው መድኃኒት፣ ሳይጠፋ ቧንቧው ጫፍ ድረስ ከደረሰ ውሃው ሮዝ ይሆናል። በመንገድ ላይ ቆሻሻ ከበላው ግን እንደነበረ ይቀራል። ልጅቷ ሮዝ ቀለም ትወዳለችና አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ጠርሙሱ ላይ አፍጥጣ ትጠብቃለች።

"ዛሬም አልሆነም፣ አባባ?"

"ዛሬም አልሆነም።"

ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበር። ክረምቱ ሊገባ አምስት ሳምንት ሲቀረው ትዕግሥቴ አለቀና ቢሯቸው ገባሁ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው በቀይ እስክሪብቶ ይሠርዛሉ።

"ጋሼ፣ ይስጡኝ፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ላስይዘው።"

"ገጽ አርባ አንድ ላይ አንድ ቃል አልጣመኝም።"

"ልጅቷ ልትታመም ነው፣ እርስዎ ቃል ይለቅማሉ?"

እስክሪብቶውን አስቀመጡ። "ነግሬሻለሁ እኮ። አንዴ ከጸደቀ፣ ስህተቱም አብሮ..."

"ካልጸደቀስ፣ ጋሼ? ካልጸደቀስ ምን አብሮ ይሄዳል?"

በሩን ሳልዘጋው ወጣሁ፤ በሕይወቴ ታላቅ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው። በማግስቱ ጠዋት ግን ጠረጴዛዬ ላይ መቶ አሥራ ስድስት ገጽና አንዲት ፍላሽ ተቀምጠው አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ "የመጨረሻው መጨረሻ ረቂቅ" ይላል።

ስብሰባው ያለበት ቀን ጠዋት ከንቲባው አስጠሩኝ። እውነቱን ለመናገር ከንቲባው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከሽፋን አልፎ የማንበብ ችግር ነው ያለባቸው።

"ይኼን ነገር ዛሬ እንገላገለው" አሉኝ። "ግን ረቂቅ የምትለዋን ቃል ውስጡ እንዳላያት። እሷን ሲያዩ ነው የሚመልሱት። አጥፊልኝ።"

"የትኛውም ቦታ ላይ?"

"የትም ቦታ።"

አንድ ሰዓት ነበረኝ። ፍላሿን ሰካሁና ኮምፒውተሩን "ረቂቅ የሚል ባገኘህበት ሁሉ የጸደቀ ብለህ ተካ" ብዬ አዘዝኩት። አንዲት ቁልፍ ተጫንኩ። "ሁለት መቶ አሥራ አራት ቦታ ተተክቷል" አለኝ። አንድ ዕቅድ ራሱን ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ረቂቅ ብሎ የሚጠራው ለምንድን ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ሐሳቤ ልጅቷ ክንድ ላይ ነበር። ሽፋኑን አየሁት፤ "የመጨረሻው መጨረሻ የጸደቀ" ይላል፤ ለጆሮ ባይጥምም ረቂቅ አይደለም። አባዝቼ አደልኩ፣ በራሴም ኮራሁ።

አዳራሹ ያው የምታውቁት ዓይነት ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ እግሩ የሚነቃነቅ ወንበር፣ በያንዳንዱ አባል ፊት ደግሞ አንድ አንድ የታሸገ ውሃ። በከተማው ውሃ ጥራት ላይ ሊመክሩ የተሰበሰቡ ሰዎች የታሸገ ውሃ ሲከፍቱ ጋሽ ረቂቅ ብቻ ከፔርሙዛቸው ቀዱ። ከዚያ ተነሥተው ማንበብ ጀመሩ። እስከ ገጽ አርባ ድረስ ስለ ቧንቧ ርዝመትና ስለ ጉድጓድ ብዛት ብቻ ስለሆነ ሦስት አባላት አንቀላፍተዋል።

"ገጽ አርባ አንድ" አሉ። "በታችኛው ሰፈር ቧንቧ ውስጥ፣ በተለይ በክረምት ወራት፣ የጸደቀ ተሕዋስያን በብዛት ይገኛሉ።"

አቆሙ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉትና ወረቀቱን ተጠግተው አዩት።

እኔም የራሴን ቅጂ ገለጥኩ። ረቂቅ ተሕዋስያን! ሁለተኛውን ረቂቅ ረስቼዋለሁ። ከንቲባው አጥፊ ያሉኝን አጥፍቼ፣ በየቧንቧው ያሉትን ተሕዋስያን አንድ በአንድ አጽድቄአቸዋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ሰው ፈገግ አለ፤ ከዚያ የተኙትም ነቁ። የጤና ኮሚቴ ሰብሳቢው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ደገፍ አሉና "ጋሼ፣ እነዚህን ተሕዋስያን ማነው ያጸደቃቸው? በየትኛው ስብሰባ? እኔ አልነበርኩም?" አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዳር ያለው ሌላው አባል ደግሞ "ከጸደቁማ መንግሥተ ሰማያት ገብተዋል፤ ቧንቧ ውስጥ ምን ይሠራሉ?" ብሎ ጨመረበት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሽ ረቂቅ ወደ እኔ ዞሩ። አዩኝ። ሁሉም ነገር ገብቷቸዋል። "የጽሕፈት ስህተት ነው" ቢሉ ይበቃ ነበር፤ እሳቸው ይድኑ ነበር፣ ወረቀቱም ለእርማት ይመለስ ነበር፣ ክረምቱም ይገባ ነበር። ነጠላ ሰረዝ ተሳሳተ ብለው ሳምንት የማይተኙት ሰው በሕይወታቸው ትልቁን ስህተት ይዘው ቆመዋል።

"ስህተት የለበትም" አሉ። "እንዳለ ይቀመጥ።"

ሳቁ ቀነሰ።

"ማን አጸደቃቸው ላሉት፣ እናንተ ናችሁ። አሥራ አንድ ክረምት ሲመጡ አያችሁ፤ አንድ ቀን ተቃውሞ አላቀረባችሁም። በዚህ ቤት ደንብ ደግሞ ያልተቃወሙት ነገር ጸደቀ ነው የሚባለው።" ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "እኔም ብሆን ነፃ አይደለሁም። እነሱ በቧንቧው ሲገቡ እኔ ሰረዝ ሳስተካክል ነበር። የእኔም ድምፅ ከናንተ ጋር ይቆጠር።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ በጣም በትሕትና፣ "ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልኝ" አሉኝ። ያዝኩት። አንድም ቃል ሳላሳምር፣ እንዳሉት ያዝኩት።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ያን ቀን አዳራሹን የወሰደው እንዲሁ ነው። አንዱ አባል የታሸገውን ውሃ ቀስ አድርጎ ከጠረጴዛው በታች አስቀመጠ። የጤና ኮሚቴ ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ሐሳቡ መልካም ነው፤ እንግዲህ እንደተለመደው ለአስተያየት ይመለስ" አሉ። ያን ጊዜ ከንቲባው፣ በአራት ዓመት የሥልጣን ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከሽፋኑ አልፈው ገለጡ። ገጽ በገጽ ፈለጉ።

"የሚመለሰው ረቂቅ ነው" አሉ። "ይኼ ላይ ረቂቅ የሚል ቃል አላገኘሁም። ድምፅ ይሰጥ።"

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የጤና ኮሚቴ ሰብሳቢው እጃቸውን ያነሡት ጭንቅላታቸውን ለማከክ እንደነበረ እስከ ዛሬ ይናገራሉ። እኔ ግን ቆጥሬዋለሁ።

ድመቷ ከነልጆቿ ተነሣች፤ ቧንቧው ከሸራው ወጣ። ቦዩ ዳር ሲቆፈር ጋሽ ረቂቅ ሱሪያቸውን ሰብስበው ከቆፋሪዎቹ ጋር ጭቃ ውስጥ ዋሉ፤ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጣታቸው ሳይነኩ አፈር አላስመለሱም። ሠራተኞቹ ሊያብዱ ደርሰው ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል የቀረው የመጨረሻው ስድስት ሜትር ነው፤ እሱም በማግስቱ አለቀ። ላቫጆውም ፍሳሹን የሚያጠራቅምበት ጉድጓድ እንዲቆፍር ተገደደ። ባለቤቱ በሽንፈት የሚያፍሩ ሰው አይደሉም፤ በራቸው ላይ "በጸደቀ ውሃ እናጥባለን" የሚል ሰሌዳ ሰቅለዋል።

የእኔ ነገር ቀረ። ስብሰባው ባለቀ ማግስት "ቅጭል፣ ቅጭል" የሚለውን ድምፅ ስሰማ ብርጭቆዬን እንኳ አልደበቅሁም፤ ራሴን ነበር መሳቢያ ውስጥ መክተት ያማረኝ። ገቡና የጸደቀውን ዕቅድ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ሌሊቱን በቀይ ሲያከብቡ ነው ያደሩት።

"ሁለት መቶ አሥራ አራት" አሉኝ።

"ይቅርታ ጋሼ። ግን አንዴ ከጸደቀ..."

"ስህተቱም አብሮ ይጸድቃል።" ይህን ሲሉ የከንፈራቸው ዳር የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። "እንግዲያው ማሻሻያ ያስፈልጋል። ዛሬውኑ ረቂቁን እጀምራለሁ።" እየተቻኮሉ ወጡ። በግድግዳው በኩል ወንበር ሲስቡ ሰማሁ፤ ቀጥሎም ለአንዷ ጠርሙስ የምሥራቹን ሲነግሯት።

ክረምቱ በገባ በስድስተኛው ሳምንት ቅዳሜ እህቴ ቤት ነበርኩ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ እህቴ በስፌት መኪናዋ ዚፕ ትሰፋለች። ልጅቷ ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሮጠች ቤቱን ታናውጠዋለች። ያን ክረምት አንድ ቀን አልታመመችም። ጋሽ ረቂቅ ውሃ በውሃ ሆነው ገቡ። እሷ እየጎተተች ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው፤ ቀዱ፤ ኪኒኗን ጣል አደረጉ፤ ሁለቱም ቁጢጥ ብለው ጠበቁ። ጠርሙሱ ቀስ እያለ ሮዝ ሆነ።

"ሆነ፣ አባባ።"

"ሆነ" አሉ፣ ደብተራቸው ላይም ጻፉት። ለረጅም ጊዜ ጻፉት፤ አንዲት ቃል ያን ያህል ጊዜ አትፈጅም።

የዘነበበት እንግዳ ነውና እህቴ እንደ ደንቡ አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀረበች፤ ማን ፊት እንደሆነች ረስታው ነው። ፔርሙዙ ትከሻቸው ላይ ነው። ብርጭቆውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሡት። "ቆይ፣ ከየት የተቀ..." ብለው ጀመሩና ልጅቷን አዩዋት። አልጨረሱትም። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጡት።

ዓይኔ ውሃ ሞላ። ደግነቱ እሱን ከየት እንደተቀዳ አልጠየቁኝም። እኒህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት በግድግዳ ስስቅባቸው ኖሬ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አደራ እንዳትነግሩብኝ፤ ከሰሙ የአስተያየት ቅጽ ይልኩልኛል።

"ጥሩ ነው፣ አባባ?" አለቻቸው ልጅቷ።

ጢማቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ፤ አሰቡ፤ ባዶውን ብርጭቆ ዘረጉላት።

"ገና ረቂቅ ነው" አሏት። "እስቲ ድገሚኝ።"